ደጋፊ ሶል

የልጄ አሰልጣኝ ቢሮ ድረስ ደውሎ «ልጅዎ ደጋፊ ያስፈልጋታል» ሲለኝ ደሜ ፈላ። የአለቃዬን ደብዳቤ እየተየብኩ ነበር፤ እጄ ኪቦርዱ ላይ ቀረ።

«ደጋፊ ማለት?» አልኩት። «እኔ ምን ሆኜ ነው ታዲያ? በየእሁዱ ጠዋት መንገድ ዳር ቆሜ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ የምጮኸው ለማን መሰለህ?»

ሳቁን እየታገለ እንደነበር በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል። ከዚያ «ማለቴ... ሶል ነው እትዬ። ደጋፊ ሶል። ጫማዋ ውስጥ ከእግሯ ስር የሚገባ» አለኝ። ከጎኔ የምትቀመጠው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሁሉንም ሰምታ ኖሮ፣ ሳምንቱን ሙሉ ባየችኝ ቁጥር «ደጋፊ ተገኘላት ወይ?» እያለች አደረቀችኝ።

የሚሊኒየሙ ሰሞን ነው። ካዛንቺስ ገና ብዙው አልፈረሰም። እኛ የምንኖረው ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ አንድ ቧንቧ ለብዙ ቤት በሚያገለግልበት የቀበሌ ግቢ ውስጥ ነው። ቢሮዬ ከቤቴ በእግር ነው፤ ልጄ ግን ከማለዳው ጀምሮ ብስክሌት ላይ ናት። የመጨረሻ ልጄ ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እህቶቿ አንዷ ሒሳብ ተማረች፣ አንዷ አግብታ ወጣች። ይቺኛዋ ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ ብስክሌት ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለች። መጀመሪያ ላይ ጮህኩ፣ ተቆጣሁ፣ «ታክሲ ይደፈጥጥሻል» አልኩ። በኋላ አንድ እሁድ ስትወዳደር አየኋት። ያን ፊቷን ቤት ውስጥ አይቼው አላውቅም። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ አፌን ዘጋሁ።

አንድ ክለብ የሴቶች ቡድን ውስጥ ገብታ ነበር። ብስክሌቱ የክለቡ ነው። በዓመቱ መጨረሻ የመምረጫ ውድድር ይደረጋል፤ ከፊት የገቡት ይቀጥላሉ፣ የቀሩት ብስክሌቱን ያስረክባሉ። አስረከበች ማለት አበቃ ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ብስክሌት እኛ ቤት በምን ተዓምር ይገዛል? የራሷ የሆነው ጫማው ብቻ ነው። ለገሃር ሳልቫጅ ተራ፣ ከፈረንጅ አሮጌ ጫማ ክምር ውስጥ ያገኘችው ነው። ሶሉ እንደ ጣውላ ድርቅ ያለ፣ ከስሩ ብረት ያለው፤ ብረቱ ፔዳሉ ላይ ቀጭ ብሎ ይቆለፋል። ለመላቀቅ ተረከዝን ወደ ውጭ ማጠማዘዝ ያስፈልጋል። የመጀመሪያውን ሳምንት ማላቀቅ እያቃታት ከነብስክሌቷ ስትገነደስ ነው የሰነበተችው።

ችግሩ የመጣው መምረጫው ሲቃረብ፣ ልምምዱ ሲረዝም ነው። የቀኝ እግሯ መዳፉ ከስር ያቃጥላል፣ ቀጥሎ ጣቶቿ ይደነዝዛሉ፣ ከዚያ ሕመሙ እስከ ዳሌዋ ይወጣል። እሷ ደነዘዘ አትልም። «እማዬ፣ እግሬ ጠፋብኝ» ነው የምትለው። ማታ ገብታ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ጣቶቿን አንድ በአንድ እየጎተተች ታያቸዋለች። እኔ ምን አውቃለሁ? ሙቅ ውኃና ጨው አቀርባለሁ። አንዳንዴ ከነጭራሹ የማደርገው ሲጠፋኝ «ሻይ ላፍላልሽ?» እላታለሁ።

እና ሶል ነው ሲሉኝ ደስ አለኝ። ሶል ምን አለበት! ሶል እኮ ይገዛል። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ባምቢስ ወረድኩ።

አንድ ጫማ ቤት ገባሁ። ሻጩ ፀጉሩን ያቆመ ወጣት ነው። «ማዘር፣ ምን ልታዘዝ?» አለኝ። ይሄ ማዘር የሚሉት ነገር ሲያስጠላኝ! የጫማ ውስጥ ሶል አልኩት።

«ለስኳር ነው?»

«ለምን ስኳር?»

«ለስኳር በሽታ ነዋ። የሚገዙት እነሱ ናቸው።»

«ለብስክሌት ጫማ ነው» አልኩት።

ከላይ እስከ ታች አየኝ። ነጠላዬን፣ ቦርሳዬን፣ ያበጠውን ቁርጭምጭሚቴን። «ማዘር፣ ራስዎ ነዎት እንዴ የሚነዱት?»

«አዎ፣ ዛሬ ግን ለምሳ ወጥቼ ነው» አልኩት። ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ያለውን ሁሉ ባንኮኒው ላይ ዘረገፈልኝ። የቆዳ አለ፣ ፎጣ የለበሰ አለ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው አለ፣ መግነጢስ አለበት የተባለ ሁሉ አለ። እኔ ድጋፍ ሲባል ትራስ ነው የመጣልኝ። አንድ በአንድ በአውራ ጣቴ ጫን ጫን እያደረግኩ፣ አቮካዶ እንደምመርጥ፣ በጣም የሚለሰልሰውን መረጥኩ። ወፍራም ስፖንጅ ነው፤ ከላዩ ሰማያዊ ጨርቅ አለው። ሻጩም «ይሄ ደመና ነው ማዘር፣ አርፋ ነው የምትነዳው» አለኝ። ደመናዬን በፌስታል አንጠልጥዬ ተመለስኩ።

ልጄ አቅፋ ሳመችኝ። በማግስቱ ከልምምድ ስትመለስ ግን ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ በካልሲ ነው ከበር የገባችው። «እማዬ፣ አትዘኚ እሺ? ጭቃ ነው። ስረግጠው ይውጠኛል። የምገፋው ፔዳሉን ሳይሆን ስፖንጁን ነው» አለችኝ። ወፍራም ስለሆነ ደግሞ ጫማውን አጥብቦት፣ እግሯ ከወትሮው ቶሎ ጠፍቶባታል። እኔ እኮ ለእሷ ብዬ ከሁሉ የሚመቸውን ነው የመረጥኩት! ሆድ ባሰኝ። ሶል ላይ ሆድ ይብሰኛል ብዬ አስቤም አላውቅ።

አሰልጣኟ ነገሩን ሲሰማ ወደ ክለቡ ወጌሻ ላካት፤ የስፖርተኛ እግር ወደሚያሸው፣ የወለቀ ወደሚመልሰው ሰው። አብሬያት ሄድኩ። ረጋ ያለ፣ ወሬ የማያበዛ ሰውዬ ነው። ደመናዬን አንስቶ በሁለት ጣቱ እጥፍ አደረጋትና «ይሄ ራሱን ያልቻለ ምኑን ይደግፋል?» አለ። ከዚያ የልጄን እግር ውኃ ነክሮ ሲሚንቶው ላይ አቆማት። ፈቀቅ ስትል ሲሚንቶው ላይ የቀረው ተረከዝና ጣት ብቻ ነው፤ መሀሉ የለም።

«አዩ? ውስጠ እግሯ ጎድጓዳ ነው፣ መሬት አይነካም» አለኝ። «ጫማው ደግሞ ሜዳ ነው። እዚህ ጎድጓዳው ውስጥ ገብቶ የሚይዝላት፣ ቢጫኑት እሺ የማይል ነገር ነው የሚያስፈልጋት።»

እሺ፣ ይሄ ገባኝ። ከዚያ ልጅቷን አግዳሚው ላይ በጀርባዋ አስተኛትና ሁለቱን ተረከዞቿን ጎን ለጎን ገጠማቸው። አልገጠሙም። የቀኙ ከግራው የጣት ውፍረት ያህል ወደ ላይ ቀርቷል። እንደገና ስቦ፣ አስተካክሎ ገጠማቸው። አሁንም ያው።

«አንዱ እግሯ ያጥራል» አለ።

ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ። «ምን ማለትህ ነው? የማን ልጅ እግር ነው የሚያጥረው?»

«ኧረ ይረጋጉ። ብዙ ሰው እንዲህ ነው፣ አያውቀውም እንጂ። ለመራመድ ምንም አይላትም። እዚያ ፔዳል ላይ ታስሮ ሙሉ ቀን ሲሽከረከር ነው የሚያስቸግራት፤ ያጠረው ለመድረስ ሲንጠራራ ዳሌዋን ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ የምትገዙት ሶል ጠንካራ ይሁን፣ ጎድጓዳውን ይሙላ፣ የቀኙ ደግሞ ከግራው ወፈር ይበል።»

«ከየት ነው የምናገኘው?»

እጁን በፎጣ እየጠረገ ትንሽ አሰበ። «እሱን እንኳ እኔም አላውቅም» አለኝ።

ወይ ጣጣ! ያን ዕለት ማታ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ የራሴን ተረከዞች ስገጣጥም አመሸሁ። በማግስቱ ታክሲ ሰልፍ ላይ የሰው ፊት አላይም፣ የማየው እግር ነው፤ ማን ያነክሳል፣ ማን ዘንበል ይላል። ልጄ ደግሞ ውኃ ቀድታ ባልዲ አንጠልጥላ ስትመጣ፣ ያን ሁሉ ዘመን ያላየሁትን ቀኝ እግሯን አየሁት። ዘንበል የምትለው በጣም ትንሽ ናት፣ ግን አለች። አንዴ ካዩ በኋላ ደግሞ አለማየት አይቻልም። እሷ ግን ለጓደኞቿ «አንዱ እግሬ ያጥራል» እያለች በስልክ ታወራለች፣ እንደ ሹመት።

ከመንገዱ ጥግ ላይ ፕላስቲክ ወጥሮ የሚሠራ ጫማ ሰፊ ነበር። ጫማውን ይዤለት ሄድኩ፣ ወጌሻው ያለኝን አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። «ቀላል ነው» አለኝ። ቀላል ነው ሲለኝ መጠርጠር ነበረብኝ። ቆዳ በቆዳ ላይ ደራርቦ፣ መሀሉ ላይ የመኪና ጎማ ቁራጭ አጣብቆ መለሰልኝ። ሶል አይደለም፣ ጉብታ ነው። ጠንካራ ይሁን ብያለሁና ጠንክሯል፣ ምን ልበል! ልጄ አንድ ቀን ነዳችበትና ውስጠ እግሯ ውኃ ቋጥሮ፣ ፈንድቶ ካልሲዋ ደም ነክቶት መጣች። እየተንጨረጨርኩ ሄጄ ጫማውን አፍንጫው ስር ደቀንኩለት። አገላበጠው፣ መታ መታ አደረገው። «ሶሉ እኮ ምንም አልሆነም፤ እግሯ ነው፤ ትለምደዋለች» አለኝ። ጫማውን ነጥቄው ወደ ቤቴ።

ልጄ ቧንቧው ጋ ቁጭ ብላ ካልሲዋን እያጠበች ነበር። እዚያው ግቢያችን ውስጥ ከእናቷ ጋር የምትኖር ሆስተስ ጎረቤት አለችን። መልካም ሰው ናት፤ ውጭ አገር ደርሳ ስትመጣ ለግቢው ሰው ሁሉ ስጦታ ሳታዳርስ አትገባም። ሻንጣዋን ድንጋዩ ላይ እያንገጫገጨች ወደ በሩ እየሮጠች ነው፤ ውጭ መኪና ቆሞ ጡሩምባውን ይነፋባታል። ልጄን ስታይ ግን ቆመች።

«አንቺ፣ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ ፊትሽ የጠቆረው?»

ልጄ ነገረቻት። ደጋፊ ሶል፣ ለብስክሌት ጫማ የሚሆን፣ እዚህ የለም።

«ታዲያ ይሄ ያስለቅሳል? በየሱቁ የሞላ ነገር! ቁጥርሽ ስንት ነው?»

«ሠላሳ ስምንት። ጠንካራ ይሁን፣ መሀሉ ከፍ ያለ። ደግሞ አንዱ እግሬ ያጥራል፤ የቀኙ። እሱን ንገሪያቸው።»

«ውይ! ያጥራል እንዴ? ጨርሶ አላውቅም ነበር!» መኪናው እንደገና ጮኸ። «እነግራቸዋለሁ፣ የቀኙ ያጥራል፣ አልረሳም!» ብላ እየሮጠች ወጣች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ቃል በቃል ትክክል ነው። የሚታረም ነገር አልነበረውም።

የምትመለሰው ዓርብ ነው፤ መምረጫው እሁድ። ያን ሳምንት እንዴት እንዳለፈ እኔ ነኝ የማውቀው። ሰማይ ላይ አውሮፕላን ሲያልፍ ቢሮዬ መስኮት ጋ እሄዳለሁ። ለቂርቆስ ጥላ ተሳልኩ። ለሶል ብሎ ጥላ የተሳለ ሰው ከእኔ በቀር ያለ አይመስለኝም፣ ግን ሌላ ምን ላድርግ? ገንዘብ ቢሆን እበደራለሁ፣ ፈተና ቢሆን አስጠናለሁ፣ ሰው ቢሆን እጣላለሁ። ይሄ ግን የማውቀው ነገር አይደለም። ልጄ ልምምዷን ትሄዳለች፣ እግሯ ይጠፋባታል፣ ትመለሳለች። አሰልጣኟም ደጋግሞ ደወለና «ከተገኘ እኮ ከፊት ከሚገቡት አንዷ ናት እትዬ፤ ጉልበቱ አላት» አለኝ። ባይነግረኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ አመሻሽ ላይ ጎረቤታችን ደረሰች። ዩኒፎርሟን እንኳ ሳታወልቅ ነው ቤታችን የገባችው። ደስ የሚል ካርቶን አወጣች። ከውስጡ የወጣውን ሶል ሳየው እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ከላይ ጥቁር፣ ከስር ብርቱካን ቀለም ያለው ደረቅ ፕላስቲክ፣ ተረከዙ እንደ ጎድጓዳ ማንኪያ፣ መሀሉ ከፍ ብሎ እሺ የማይል። በአውራ ጣቴ ተጫንኩት፤ ንቅንቅ አላለም። «ይኸው! ይኸው እሱ ነው!» አልኩ።

ልጄ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻቸው።

አንዱ ያጥራል።

ወፍራም አይደለም፣ ቀጭን አይደለም፤ ውፍረታቸው አንድ ነው። የቀኙ በርዝመቱ ከግራው ያጥራል። የሕፃን ጫማ ሶል ይመስላል።

«አየሽ አይደል?» አለች ጎረቤታችን፣ ፊቷ በደስታ እያበራ። «ነጠላውን አንሸጥም አሉኝ። ለካ ጥንድ ጥንድ ነው የሚሸጠው። አሃ፣ እኔን ሊያቅተኝ? ሁለት ጥንድ ገዛሁና የግራውን ከሠላሳ ስምንቱ፣ የቀኙን ከሠላሳ ስድስቱ ወሰድኩልሽ! ሻጩ ራሱ ገርሞት ነበር። አንድ እግሯ አጭር ነው ብዬ በእጄ ጫማዬን እያሳየሁ አስረዳሁት።»

ልጄ ቀስ ብላ «የቀሩትስ?» አለቻት።

«የቱ?»

«የሠላሳ ስምንቱ ቀኝ።»

«እሱን ምን ላድርገው ብዬ ነው? ሻንጣዬ ሞልቶ፣ ሆቴሉ ቅርጫት ውስጥ ጥዬው መጣሁ።»

እስቲ አሁን ማንን ልቆጣ? እኛ ከዳሌ እስከ ጥፍር ያለውን ሁሉ እግር ነው የምንለው። ጭን አለ፣ ባት አለ፣ ተረከዝ አለ፤ ሁሉም ሲጠራ ግን እግር ነው፣ መዳፉም ብቻውን ሲጠራ እግር ነው። ወጌሻው ያጥራል ያለው ከዳሌ ወደ ታች ነው። ይቺ ምስኪን ደግሞ ሶል እየገዛች ነውና ከተረከዝ እስከ ጣት አደረገችው። ማንም አልዋሸ፣ ማንም አልተሳሳተ። ያ የሚያስፈልገን ሶል ግን በማናውቀው አገር፣ በማናውቀው ሆቴል ቅርጫት ውስጥ ነው።

ሳቄ መጣ፣ እንባዬም መጣ፤ ሁለቱንም ዋጥኳቸው። ስንት ሰዓት ቆማ በርራ፣ በእረፍት ቀኗ ሱቅ ለሱቅ ዞራ፣ ስጦታዬ ነው ብላ ደጃችን ላመጣች ሰው ተሳስተሻል ይባላል? ምን ዓይነት አፍ ነው የሚለው? ልጄን አየኋት። ልጄም አየችኝ። ከዚያ ተነሥታ አንገቷን አቅፋ ሳመቻት። «ተባረኪ። ልክ እንዳልኩሽ ነው» አለቻት።

«እሁድ በረራ የለኝም! መጥቼ ነው የማይሽ!» አለች ጎረቤታችን።

ከወጣች በኋላ በሩን ዘጋን። ቅዳሜን ሙሉ ጫማው ላይ አሳለፍነው። የግራው እንደ ልኬት ገባ፤ ልጄ ቆማበት «ውይ እማዬ፣ እንደዚህ ነው ለካ!» አለች። ያ ነው ያቃጠለኝ። አንዱን ባታውቀው ይሻላት ነበር። የቀኙ ግን ተረከዟ ላይ ሲገጥም ከፍታው ከጎድጓዳው ወደ ኋላ ይቀራል፣ ጣቶቿ ከጫፉ ወርደው ባዶ ላይ ያርፋሉ። ከፊቱ የጫማ ሰፊውን ቆዳ ቆርጠን ሞላንበት። ከስሩ እንዲያነሳት ሌላ ቆዳ ደረብን። ሲነሳ የጫማው ጣሪያ ይጫናታል፤ እንዲሰፋ ስናወጣለት ደግሞ ተመልሳ ዝቅ ትላለች። አወጣን፣ አስገባን፣ ቆረጥን። መቀሱ ጣቴን ላጠኝ። በመጨረሻ ማሰሪያውን እየጎተተች «በቃ እማዬ፣ ይሄ ይሻላል» አለችኝ። የሚሻል ነገር እንዳልነበረ ሁለታችንም እናውቃለን።

«ሻይ ላፍላልሽ?» አልኳት።

«አፍዪልኝ» አለችኝ።

እሁድ ጠዋት ለገሃር በገመድ ታጥሮ ደረስን። ከባቡር ጣቢያው ፊት ተነሥተው ዳገቱን ወጥተው፣ ዞረው በሌላኛው በኩል ይወርዳሉ፤ እንደገና ይወጣሉ። እኔ ሁልጊዜ የምቆምበት ቦታ ቆምኩ። ጎረቤታችን መነጽሯን አድርጋ፣ ካሜራዋን ይዛ አጠገቤ ናት።

መጀመሪያ ላይ ከፊተኞቹ ጋር ነበረች። ባለፈች ቁጥር ጎረቤታችን «ሶሉ! ሶሉን አያችሁት?» እያለች ለማታውቃቸው ሰዎች ትናገራለች። እኔ የማየው ዳሌዋን ነው። ቀጥ ብሎ ነበር፤ እመቤቴን፣ ቀጥ ብሎ ነበር! ምናልባት ይሆናል አልኩ። ከፊቴ የተወጠረውን ገመድ ያዝኩ።

ከዚያ አንድ ጊዜ ስታልፍ በጡጫዋ ጭኗን ስትመታ አየሁ። ሌሎቹ አላስተዋሉም። እኔ ግን አወቅሁ፤ እግሯ ጠፍቶባታል። በቀጣዩ ዳገት ላይ ከፊተኞቹ ተለየች። ክፍተቱ መጀመሪያ ብስክሌት ያህል ነበር፣ ከዚያ መኪና ያህል፣ ከዚያ የኋለኞቹ ደርሰው አለፏት። ዳሌዋ መወዛወዝ ጀመረ፤ በግራ እግሯ ብቻ ነው የምትገፋው። «አይዞሽ! አይዞሽ ልጄ! በርቺ!» እያልኩ ጮህኩ። ጉሮሮዬ ተዘጋ። ያ ሁሉ ጩኸቴ አንዲት ጣቷን አያሞቅላት። ዓይኔ እያየ፣ እጄ እያለ፣ ገመዱን አልፌ ገብቼ ምን ላደርግላት? ብስክሌቱን ልግፋላት? እግሬን ልስጣት? የእኔ እንደሆነ እኩል ነው፣ ገጥሜ አይቼዋለሁ።

የተመረጡት ገብተው፣ እየተቃቀፉ፣ ሰውም መበተን ሲጀምር ነው ብቻዋን የደረሰችው። አላቆመችም፤ ቀጥታ ወደ እኔ መጣች። የግራውን ቀጭ አድርጋ አላቀቀች፣ መሬት ረገጠች። የቀኙ አልላቀቅ አላት። ተረከዟን ልታጠማዝዝ ትሞክራለች፣ እግሯ አይሰማትም። ብስክሌቱ ዘንበል አለ።

«እማዬ፣ ያዢኝ።»

ያዝኳት። ጎረቤታችን እየሮጠች መጥታ «ጎበዝ! ጎበዝ! ጨረስሽ እኮ! ሶሉ እንዴት ነበር? ደገፈሽ?» አለቻት።

ልጄ በእኔ ትከሻ ላይ ተንጠልጥላ፣ አንድ እግሯ ብስክሌቱ ላይ እንደታሰረ፣ ፈገግ አለች። «በጣም» አለቻት። «በጣም ደግፎኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

ጎረቤታችን ደስ ብሏት ውኃ ልትገዛላት ሄደች። እኔ ጎንበስ ብዬ ማሰሪያውን ፈታሁና እግሯን ከጫማው ውስጥ መዝዤ አወጣሁት። ጫማው ፔዳሉ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። የመንገዱ ጠርዝ ላይ አስቀመጥኳት። አሰልጣኟ መጥቶ አጠገባችን ቆመ። ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ «እትዬ... ብስክሌቱን...» ብሎ ጀመረና ተወው። «ውሰድ» አልኩት። ጫማውን ጠምዝዞ ከፔዳሉ አላቀቀና አጠገባችን በቀስታ አስቀመጠው። ብስክሌቱን ወደ ፒክአፑ ይዞት ሄደ። ከላይ ሌሎች ብስክሌቶች ተጭነዋል።

ካልሲዋን አወለቅሁ። እግሯ ነጭ ሆኗል፣ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል። ከጣቶቿ ስር የዚያ የአጭሩ ሶል ጫፍ መስመር ሠርቶ ተቀርጿል። ጭኔ ላይ አድርጌ በሁለት እጄ ማሸት ጀመርኩ። አሸሁ፣ ተነፈስኩበት፣ በነጠላዬ ጠቅልዬ እንደገና አሸሁ። እሷ ወደ እኔ አታይም። ፒክአፑ ላይ ብስክሌቷን በገመድ ሲያስሩት ነው የምታየው።

«እማዬ» አለችኝ፣ ዓይኗን ከዚያ ሳትነቅል።

«ወዬ።»

«እግሬን ይዘሽዋል እንዴ?»

በሁለት እጄ ጭምቅ አድርጌ ይዤዋለሁ።

«አዎ ልጄ» አልኳት። «ይዤዋለሁ።»